በጾም የቆጠርኩት ሦስት ወር

«ያማል ወይ?» እያሉ የሚጠይቁኝ ወጣቶች በዝተዋል። ያማል። ጥርስ ከመነቀል ያነሰ፣ በጠባብ ጫማ ለቅሶ ከመዋል የባሰ ያማል። ይህን ሰምተው ደስ ብሏቸው ይሄዳሉ፤ ዋናውን ነገር የሚጠይቀኝ ግን የለም። ዋናው ነገር ቀዶው ከተሠራ በኋላ መቼ ይታመናል የሚለው ነው። እኔ እሱን ሳላውቅ ቀርቼ ሚስቴን ልገድል ነበር። አሁን ሸምግያለሁ፣ እፍረቴም እንደ ጥርሴ አልቋል፤ ስለዚህ ሳልደብቅ ልጻፈው።

ነገሩ የሆነው በጣሊያን ጊዜ ነው። ይርጋጨፌ ገበያው ዳር አንዲት በእግር የምትረገጥ የስፌት መኪና ይዤ ልብስ ሰፊ ነበርኩ። አባቴ ከሸዋ መጥቶ እዚህ የቀረ ሰው ነው፤ እኔ ከቡናውና ከእንሰቱ መካከል ተወልጄ አደግሁ። አንድ መጥፎ አመል አለኝ፤ ጠማማ ስፌት አይቼ ማለፍ አልችልም። ቤተ ክርስቲያን ቆሜ እንኳ ከፊቴ ያለው ሰው ኮት ትከሻው ላይ ጠሞ ከተሰፋ ቅዳሴው አይገባኝም። ሚስቴ ዘነበች ይህን አመሌን «የሰይጣን መርፌ» ትለዋለች። ሰው ፊት አንቱ ትለኛለች፣ ቤት ስንገባ አንተ፤ ስትናደድ ደግሞ «አንተ ሰው» እባላለሁ።

ዘነበች ሦስት ልጆች ወልዳልኛለች። ሦስቱንም ስትወልድ ሕፃኑ በደህና ይመጣና የእንግዴ ልጁ አልወርድ ይላል። በመጀመሪያዋ ሴቶቹ ባዶ ጠርሙስ እንድትነፋ አደረጓት፤ ወረደ። በሁለተኛው «ዛሯ ነው የያዘባት» ተባለና ቤቱ በሰው ሞላ፤ ደሟ እየፈሰሰ እነሱ የዛሩን ስም ይጠይቃሉ። ያም ሆኖ እግዜር ረዳን። በሦስተኛዋ፣ በነሐሴ ጭቃ፣ ጠርሙሱም ዛሩም አልሠራ አለ። ከማለዳ ጀምሮ ደም ፈሰሳት፤ ከንፈሯ አመድ መሰለ። እናቷ እመት በላይነሽ ነፍስ አባታችንን መምሬ ወልዴን አስጠሩ። እኔ ሮጬ የጠራሁት ጂግሶን ነው።

ጂግሶ የኮንጋ ቡና ገበሬ ነው፣ ሱሪውን ሁልጊዜ እኔ ነኝ የምጠግንለት። ሰባት ጎረቤቶቹን ይዞ፣ ቃሬዛ አስሮ መጣ። ወደ ዲላ ይዘናት ወረድን። ጂግሶ አማርኛ ሲናገር ሴቱንም ወንዱንም አንድ ያደርገዋል። ትከሻው ተልጦ፣ ጭቃው እስከ ጉልበቱ ውጦት፣ ዞር ብሎ «አይዞህ፣ ይሄ ሴት አይሞትም» አለኝ። በሕይወቴ ከሰማሁት አማርኛ ሁሉ የሚያምርብኝ እስከ ዛሬ ያ ነው። ከወናጎ መለስ ብሎ መንገድ የሚሠሩት ጣሊያኖች ሰፈር ስንደርስ የካሚዮን ሹፌሩ ደሙን አየና የጫነውን አሸዋ እዚያው ደፍቶ ዲላ አደረሰን።

ዲላ ለመንገድ ሠራተኞቹ የተተከለ ሐኪም ቤት ነበር። ሐኪሙ ቀጭን ሽማግሌ ጣሊያን ነው፤ ሁሉም ዶቶሬ ይሉታል። እጁን አስገብቶ የእንግዴ ልጁን አወጣው። ዘነበች ዘጠኝ ቀን ተኝታ፣ በአሥረኛው ቀን ቁጭ ብላ ገንፎ በላች። ያን ዕለት ዶቶሬ ለብቻዬ አስጠራኝ። የሚያስተረጉመው ተስፋይ የሚባል የሐማሴን ሰው ነው፤ ቁስልም ያጥባል፣ መርፌም ይወጋል።

ያሉኝ ይህ ነው። ማህፀኗ ሦስት ጊዜ ተጎድቷል፤ አራተኛ ካረገዘች እዚህ ሳትደርስ መንገድ ላይ ትቀራለች። እንዳታረግዝ የምሰጣት የታመነ መድኃኒት የለኝም፤ እሷን ቀድጄ እንዳልሠራት ደም የላትም። ላንተ ግን የሩብ ሰዓት ሥራ ነው። ከወንድ ፍሬ ዘር ይዛ የምትወጣ እንደ ወፍራም ክር ያለች ቧንቧ አለች፣ በቀኝ አንድ፣ በግራ አንድ። እሷን ቆርጬ ጫፏን አስራለሁ፤ ሌላ የምነካው ነገር የለም። ተስፋይ ይህን ሲያስተረጉም ጣሪያ ጣሪያውን ያይ ነበር። ዶቶሬ መጨረሻ ላይ ድምፁን ዝቅ አድርጎ፣ ይህን እንዳደረግሁ አታውራ አለኝ፤ የነሱም መንግሥት ሴቶቻቸው ብዙ እንዲወልዱ የሚፈልግ ነበርና።

እሺም እምቢም ሳልል ሚስቴን ይዤ ወጣሁ። እውነቱን ልናገርና ተናድጄ ነበር። ታላቅ ወንድሜ ዘምቶ አልተመለሰም። እሱን የበላው ሠራዊት ሐኪም ፊት ሱሪዬን ፈትቼ፣ ምላጭ ስር ልተኛ? ደግሞ ወይፈን ሲኮላሽ አይቻለሁ። ሙከት ምን እንደሚሆን አውቃለሁ፤ ይሰባል፣ ይለግማል፣ ይታረዳል። ጺሜ ቢረግፍስ? ድምፄ ቢቀጥንስ? ይህን ሁሉ በሆዴ ይዤ እስከ ኅዳር ከሚስቴ ጋር እንደ ወንድምና እህት ኖርኩ።

ዘነበች ግን ጅል አይደለችም። አንድ ቀን ሙሉ ያልናትን ሕፃን እያጠባች፣ ዶቶሬ ምን እንዳለኝ ጠየቀችኝ። ነገርኳት። ሕፃኗን ወደ ሌላው ጡቷ አዛወረች። ከዚያ «እኔ ሦስት ጊዜ ደምቻለሁ። አንተ አንዴ ብትደማ ምን ትሆናለህ?» አለችኝ። አልተቆጣችም፤ የክር ዋጋ እንደምትጠይቅ ነው ያለችው። 

በማግስቱ ለማኅሌት ወደ ዲላ ከሚወርድ ደብተራ ጋር ለተስፋይ መልእክት ላክሁ። የመለሰልኝ መልስ፣ ሐኪሙ ከጦሩ ጋር ወዴት እንደሚታዘዝ ስለማይታወቅ ቶሎ እንድመጣ ነው። ልብስ ሰፊ ለሆነ ሰው ከዚህ የከፋ ጊዜ የለም። ኅዳርና ታኅሣሥ ቡና ለቀማ ነው፤ ሰው በእጁ ገንዘብ ሲያገኝ ልብስ ያሰፋል። ጥር ደግሞ የሠርግ ወር ነው። እኔ ያሰብኩት ሠርጉ አልቆ ጾም ሲገባ ነበር። ብሞት በወንድሜ ዘንድ የማፍርበት ነገር ቢኖር ለሠርግ ሱሪ ብዬ ሚስቴን ማጣቴ ነው አልኩና ጥምቀት እንዳለፈ ተነሣሁ።

ለሰው ምን ይባላል? «ቡአ ወረደብኝ» አልኩ። ቡአ አንጀት ወደ ታች ወርዶ ፍሬ የሚያሳብጥ በሽታ ነው፤ ማንም አያፍርበትም። እኔ የለብኝም። ግን «ልኮላሽ ነው» ከማለት «ቡአ አለብኝ» ማለት ይሻላል። ከዘነበችና ከመምሬ ወልዴ በቀር እውነቱን የነገርኩት የለም። መምሬን ያማከርኩት ወጥቼ ሳልሄድ ነው። ጢማቸውን ይዘው ቆዩና «አላበረታታህም፤ አልከለክልህምም። የሚስትህን ነፍስ ግን ቆጥረህ ትጠየቅበታለህ» አሉኝ። አርባ ስግደት ንስሐ ሰጡኝ። አባቴ፣ ስፌት ላይ ሆኜ እንዴት ልስገድ አልኳቸው። ሳቃቸው መጣና ሲድን በጾሙ ትሰግዳለህ አሉኝ።

የይለፍ ወረቀቴን አስመትቼ፣ በጂግሶ በቅሎ፣ እሱ እየሳበልኝ፣ ዲላ ወረድሁ። ሐኪም ቤቱ ደጃፍ ረጅም አግዳሚ አለ፤ ወባ የሚያንቀጠቅጣቸው፣ ድንጋይ ጣታቸውን የጨፈለቃቸው የመንገድ ሠራተኞች ተደርድረዋል። ምን ሆነህ ነው አሉኝ። ቡአ አልኩ። አጠገቤ የነበረው ሽማግሌ እውነተኛ ቡአ ነበረበትና የኔን ላሳይህ፣ ያንተን አሳየኝ ብሎ ሲነዘንዘኝ ተስፋይ ስሜን ጠራልኝ። ከዚያ አግዳሚ ላይ የተነሣሁት እንደ ንጉሥ ነው።

ማደንዘዣው መርፌ ነው የሚያመው። ከዚያ በኋላ መጎተት እንጂ ሕመም የለም። ተስፋይ አትይ ብሎኝ ነበር፤ የመቀሱን ድምፅ ግን ሰማሁ፣ የተሳለ ጥሩ መቀስ ነው። ሲጨርስ አመሌ አላስቀምጠኝ አለና ቀና ብዬ አየሁ። በቀኝ ሁለት ስፌት፣ በግራ ሁለት ስፌት፣ ቀጥ ብሎ፣ እኩል ርቀት ላይ። ጠላት ቢሆንም ስፌት ያውቃል። ያን ጊዜ ነው ልቤ ትንሽ የራራለት።

ትእዛዙን ተስፋይ ሁለት ጊዜ ደገመልኝ። ሦስት ሳምንት በቅሎ ላይ አትውጣ። ሁለት ሳምንት መኪናህን አትርገጥ። በጨርቅ ወደ ላይ ደግፈህ እሰረው። ቧንቧው ዛሬ ቢታሰርም ከቋጠሮው ወዲያ ያለፈ ዘር በውስጥህ አለና ሦስት ወር ጠብቅ፤ እስከዚያ አትመነው። በሦስት ወሩ ዘርህን በዚህ ብልቃጥ ይዘህ ና፣ ዶቶሬ በማጉያ መነጽር ያየዋል። ጥርት ያለ ከሆነ አበቃ። ብልቃጡን ሰጠኝ። እኔ ብልቃጡን ሳይ ላብ አጠመቀኝ። ዘርን በከንቱ ማፍሰስ ኃጢአት መሆኑን እንኳን ሽማግሌ ሕፃን ያውቃል፤ ደግሞስ ያን ይዞ በአግዳሚው ፊት ማለፍ አለ! ብልቃጡን ኪሴ ከተትኩትና ልቤ ግን የራሱን ሒሳብ ይሠራ ጀመር።

ሒሳቡ እንዲህ ነው። አሁን የጥር አጋማሽ ነው። አንድ ወር ቁስሌ ሲድን ይሄዳል። ከዚያ ዐቢይ ጾም ይገባል፤ በዐቢይ ጾም ባልና ሚስት መኝታ እንደሚለዩ የታወቀ ነው። ፋሲካ ዘንድሮ የሚውለው በሚያዝያ አጋማሽ ነው። ሦስት ወር ሞላ ማለት አይደል? ለምን እቸገራለሁ፣ ለምን ብልቃጥ እሸከማለሁ፣ ጾሙ ራሱ ይጠብቅልኛል። እንዲያውም ቤተ ክርስቲያን ለዚህ ጉዳይ ያዘጋጀችው መሰለኝ። ብልቃጡን የሸሚዝ ቁልፍ ማስቀመጫ አደረግሁት።

ስመለስ በቅሎዋን ጂግሶ እየሳበ፣ እኔ ዱቄት በጫነ ካሚዮን ላይ ሆኜ ነው። መንገዱ ገና ድንጋይ በድንጋይ ነበር። ካሚዮኑ በነጠረ ቁጥር በጥር የሚከበሩትን ቅዱሳን አንድ በአንድ ጠራሁ።

ቤቴ ስደርስ የሚያስፈልገኝ መተኛት ነበር። ነገር ግን በአምስተኛው ቀን የሙሽራ አባት መጣ፤ ሠርጉ እሑድ ነው፣ ሱሪው አልተሰፋም። ስፌቱ ደርቋል፣ ሕመሙም ጠፍቷል፤ ምን ቆርጦኝ ነው የምተኛው ብዬ መኪናዬ ላይ ተቀመጥኩ። አንድ ሱሪ፣ ሁለት ሱሪ፣ ኮት። ሲመሽ ከወንበሩ መነሣት አቃተኝ። ገልጬ ባየው ትርንጎ አክሏል፣ ጠቁሯል። ሌሊቱን ትኩሳት ጠበሰኝ። የቸኮለች አፍሳ ለቀመች ማለት እኔ ነኝ።

አማቴ ቡአ ነው ብለው ስላመኑ ቡአ የሚያድን መጠጥ አስፈልተው መጡ። አንዲት ጎረቤት ደግሞ በጋለ ድንጋይ ተኩሱት አለች። በሽታውን የደበቀ መድኃኒት አይገኝለትም ይባላል፤ እኔ ግን ከመድኃኒቱ ብዛት ልሞት ነበር። ዘነበች ደጃፉ ላይ ቆማ አንዳቸውንም አላስገባ አለች። ደግነቱ ተስፋይ ሐሙስ ሐሙስ ወደ ፍስሐ ገነት ለሚሄዱ የመንገድ ሠራተኞች ኪኒን ያደርስ ነበርና ሲያልፍ ጎራ አለ። አየና በውስጥ ደም ተቋጥሮ ነው፣ መግል አልያዘም፣ እግሩን የማያርፍ ሰው እንዲህ ይሆናል አለኝ። ቀዝቃዛ እርጥብ ጨርቅ፣ ወደ ላይ ማሰር፣ አሥራ ሁለት ቀን አልጋ። እንደ ልጅ ገሠጸኝ፤ ይገባኛል።

የሙሽሮቹ ልብስስ? ዘነበች መኪናው ላይ ተቀመጠች። በኛ አገር ያን ጊዜ ሴት መርፌ ትይዛለች እንጂ መኪና አትረግጥም። እኔ አልጋ ላይ ተጋድሜ እቆርጣለሁ፣ በጠመኔ አሰምራለሁ፣ እሷ ትሰፋለች። መጀመሪያ የሰፋችው ስፌት እባብ የሄደበት መንገድ ነበር። ተረተርኩት። ሁለተኛውን ተረተርኩት። ሦስተኛውን ልተረትር ስል ጨርቁን ከእጄ ነጥቃ «አንተ ሰው፣ ከዚህ ወዲያ የምትተረትረው የገዛ ስፌትህን ነው» አለችኝ። ተውኩ። እስከ ቅበላ አራት ሙሽራ ዳረች፤ ልብሱ ጠሟል ብሎ የተመለሰ አንድም ሙሽራ የለም።

ጾም ገባ። እኔ ደህና ሆንኩ። ጺሜ አልረገፈም፣ ድምፄ እንደ ድሮው ጎረቤት ያውካል፣ አርባ ስግደቴን በሦስተኛው ሳምንት ሰገድኩ። በሕመም ጊዜ ያየሁትን የሚስቴን ፊት አልጠግበው አልኩ፤ አልጋ ተለይተን ተኝተን በጨለማ ስናወራ፣ ስንሳሳቅ፣ ከተጋባን እንደዚያ ያለ ጾም ጾመን አናውቅም። ፋሲካ መጣ፣ ተገደፈ። ከነሐሴ ወዲህ ለመጀመሪያ ጊዜ ባልና ሚስት ሆንን። ብልቃጡ ከነቁልፎቹ መሳቢያዬ ውስጥ ነበር።

ግንቦት ገባ። ከጥር ጀምሮ ሕፃን እያጠባችም ቢሆን የዘነበች የወር አበባ ተመልሶላት ነበር። በግንቦት አልመጣም። አልነገረችኝም፤ እኔ ግን አንድ ቤት ነው የምንኖረው፣ አውቃለሁ። አንድ ሳምንት አለፈ፣ ሁለት ሳምንት አለፈ። እሷ ዝም፣ እኔ ዝም። እኔ የአንዱን ሰው ሱሪ እግር ከሌላው ሰው ሱሪ ጋር ሰፋሁ። እሷ ግን ረጋ ብላለች፤ ልጆቹን ታጥባለች፣ ትልቋን ልጃችንን ጥሩነሽን ሹሩባ መሥራት ታስተምራለች፣ የእናቷን ልብስ ትጥፋለች። መረጋጋቷ ነው ያስፈራኝ።

አንድ ቀን ገበያ ወጥታ ሳለች ከመኪናው ስር ነጭ አቡጀዲ ተጣጥፎ አየሁ። የኔ አይደለም፤ የሰጠኝ ደንበኛ የለም። ገለጥኩት። በአንድ ጎኑ ተሰፍቷል፣ ያው የሷ ጠማማ ስፌት። እጄ በልማዱ ምላጭ አነሣ፣ ተርትሬ ላቃናው። አንገቱን ፈለግሁ። አንገት የለውም። እጅጌ የለውም። ርዝመቱን በክንዴ ለካሁት፤ የዘነበች ቁመት ነው። አንደኛውን ጎን ሰፍታ ሌላውን ክፍት ትታዋለች፣ የቀረውን ሰው እንዲሰፋው።

መግነዟን ነው የሰፋችው። እኔ ባስተማርኳት ስፌት፣ በኔ መኪና፣ የራሷን መግነዝ።

አጥፌ እንደነበረ መለስኩት። ከዚያ ብርድ ልብሴን ይዤ በእግሬ ወደ ዲላ ወረድሁ፤ የይለፍ ወረቀት እንኳ አላስመታሁም። ወናጎ ላይ ኬላ ጠባቂው አስቆመኝ፤ እያለቀስኩ ነበር መሰለኝ ምንም ሳይለኝ አሳለፈኝ። በማግስቱ ጠዋት አግዳሚው ላይ ተቀመጥኩ። የምንም በሽታ ስም አልዋሸሁም።

ዶቶሬ አስታወሰኝ። ብልቃጡ የታለ አለኝ። ሦስት ወር ሙሉ ጠብቄያለሁ አልኩት፤ አንድ ቀን ሳላጎድል። በዚያ ሦስት ወር ስንት ጊዜ ከሚስትህ ጋር ተገናኘህ አለኝ። አንድም ጊዜ፣ ጾም ነበር አልኩት። ተስፋይ ሲያስተረጉምለት ዶቶሬ ሁለት እጁን ራሱ ላይ ጭኖ ቁጭ አለ። ተስፋይ ራሱ ጾመኛ ነውና እሱም አሁን ገና ነው የበራለት፤ ፊቱ ተለወጠ።

ዶቶሬ በቀስታ አስረዳኝ። ምንጩን ዘግቻለሁ፤ ከመዝጊያው ወዲህ ማሰሮ ውስጥ የቀረው ውኃ ግን ካልተቀዳ አያልቅም። የሚያጠራው የቀን ብዛት ብቻ አይደለም፣ ደጋግሞ መፍሰሱ ነው። ሦስት ወር ያልኩህ እንደ ማንኛውም ባለትዳር እየተጠነቀቅህ እንደምትኖር ቆጥሬ ነው። አንተ ማሰሮውን ከድነህ አስቀምጠህ በፋሲካ ከፈትከው። ያጠፋሁት እኔም ነኝ፣ ልጠይቅህ ይገባኝ ነበር አለ። ሕፃኑን ታጠባለች ወይ? ታጠባለች። እንግዲያው የምታጠባ ሴት የወር አበባ መጥቶ ሊቀር ይችላል፤ አሁን የሚታወቅበት መንገድ የለም፣ ጠብቁ። ካረገዘች ግን ወሯ ሳይገባ እዚህ አምጣትና እዚሁ ትውለድ፤ መንገድ ላይ አትያዝ።

ያን ቃል ይዤ ተመለስኩ። ዘነበችን አስቀምጬ ሁሉንም ነገርኳት፤ ብልቃጡን፣ ቁልፎቹን፣ ሒሳቤን፣ መግነዙን ማየቴን። ትሰድበኛለች ብዬ ነበር። እሷ ግን እጇን አፏ ላይ አድርጋ ሳቀች፣ ከዚያ አለቀሰች፣ ከዚያ «ጾመህ ነው ልትገድለኝ የነበረው?» አለችኝ። መጥፎ ሳቅ ነው፣ ግን ሁለታችንም ሳቅን። ከዚያ በኋላ ዝም አልተባባልንም። ፍርሃቱን ለሁለት ስንሸከመው ቀለለ፤ ጂግሶም ለቃሬዛው ከወዲሁ አዲስ ጠፍር አሰረለት፣ ለምን እንደሆነ ሳይጠይቀኝ።

የሐዋርያት ጾም በገባ በሦስተኛው ቀን ነው። እኔ ደጃፍ ላይ ቁልፍ እተክላለሁ። ዘነበች ከጓሮ መጣች፣ አጠገቤ ቆመች፣ «መጣ» አለችኝ። ምን እንደመጣ አልጠየቅሁም። መርፌው ጣቴን ወግቶኝ ኖሮ የሰው ሸሚዝ ላይ ደም አንጠባጠብኩ፤ እሷ ሳቀችብኝ፣ ዛሬ ሁለታችንም ደማን አለችኝ።

የብልቃጡን ነገር መምሬ ወልዴ ጨረሱልኝ። ሐኪም ለምርመራ የጠየቀህን ለሐኪም ስጥ፣ የቀረውን ለኔ ተወው አሉኝ፤ የታመመ ሰው ጾም እንደማይገደድም አስታወሱኝ። ከዚህ በላይ አልጽፍም፣ ሽማግሌ ነኝ። እንደታዘዝኩት ማሰሮውን እየቀዳሁ፣ ተጠንቅቄ ቆይቼ በመስከረም ብልቃጡን ይዤ አግዳሚው ላይ ተቀመጥኩ፤ ምንድነው የያዝከው ላለኝ ሁሉ መድኃኒት ነው አልኩ፣ ውሸትም አይደለም። ዶቶሬ በማጉያው ረጅም ጊዜ አየ፣ ከዚያ ተነሥቶ እኔን አስቀመጠኝና አንተም እይ አለኝ። የታየኝ ብርሃን ብቻ ነው፣ ባዶ ሜዳ። እንደዚያ ያማረ ባዶ አይቼ አላውቅም። ያ ሰው የማን ወገን እንደነበር አልረሳሁም፤ እጁን ግን ሳምኩት።

እንግዲህ ወጣቶች ሆይ፣ የኔን ስሕተት ውሰዱልኝ። በቅሎም ብስክሌትም ላይ ለመውጣት አትቸኩሉ። አምስተኛ ቀን ላይ ደህና ነኝ የሚላችሁን ገላችሁን አትመኑት። ሐኪም ጠብቅ ሲላችሁ እንዴት ልጠብቅ ብላችሁ ጠይቁ። ብልቃጡን ቁልፍ አታስቀምጡበት። ለሚስታችሁም አትደብቁ፤ የፈራችሁትን እሷም ፈርታዋለች።

መግነዙስ? ዘነበች «መጣ» ባለችኝ ዕለት ማታውን አውጥታ ራሷ ተረተረችው፣ አንድ ክር ሳትበጥስ። ቆርጣ ለጥሩነሽ ቀሚስ ሰፋችው። በተከታዩ ጥምቀት ልጅቱ እሱን ለብሳ፣ ሙሉን በጀርባዋ አዝላ፣ ታቦቱን ስትሸኝ ከኋላዋ እንሄድ ነበር። የቀሚሱ ስፌት ከትከሻዋ እስከ ቁርጭምጭሚቷ ጠሟል። ዘነበች እያየሁት እንደሆነ አይታ፣ ሰው ስላለ አንቱ ብላ፣ «ቤት ስንገባ ሊተረትሩት ነው መሰለኝ» አለችኝ።

ከተሰፋ ብዙ ዓመት ሆነው። ቀሚሱ ከጥሩነሽ ለሙሉ፣ ከሙሉ ለልጇ አለፈ። ዘነበች አሁን መነጽሯን አድርጋ ይህን ወረቀት ከትከሻዬ በላይ ታነባለች። ያን ስፌት አላቃናሁትም።